የጨረራ ደህንነት ባህል ትርፍ ሥራ አይደለም፦ ለአንድ ባልደረባ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በመምህራንና በተመራማሪዎች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የጨረራ ደህንነት ጉዳይ ከልክ በላይ ተጋንኗል ሲል ይሞግታል። ጸሐፊው በመስኩ ብዙ ዘመን የቆዩ፣ ተማሪዎቻቸውም የሚያከብሯቸው መምህር ናቸው። የሚያነሷቸው ነጥቦች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ በቤተ ሙከራዎቻችን ያሉት የጨረራ አመንጪዎች ከተፈጥሮ ጨረራ ብዙም የማይበልጡ ጥቃቅን ናቸው፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የደረሰ አደጋ ተሰምቶ አያውቅም፤ ደህንነት የጨረራ ደህንነት ኃላፊው ሥራ እንጂ የተመራማሪው አይደለም፤ ፈቃድ ያለውና ዶዚሜትር (የተቀበሉትን የጨረራ መጠን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ) ያንጠለጠለ ሰው ግዴታውን ተወጥቷል፤ የደህንነት ባህል የሚባለው ነገር ሀብታም አገሮች የሚችሉት ቅንጦት ነው፤ በመጨረሻም ስለ አደጋ አብዝቶ ማውራት ተማሪዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ከሙያው ያሸሻል። ጽሑፉ በቅን ልቦና የቀረበ በመሆኑ በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ነጥብ በነጥብ መመለስ የሚገባ መስሎ ታይቶኛል።

ከጸሐፊው ጋር የምለያይበት ዋና ጉዳይ አንድ ነው። እርሳቸው አደጋውን የሚመዝኑት የጨረራ አመንጪው ዛሬ ባለው ጥንካሬ ነው። እኔ ግን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ጥሎ ሲሄድ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው እዚያው እያለ መናገር ሲያቅተው ነው ባይ ነኝ።

«ትንሽ ነው» ከሚለው ክርክር ልጀምር። ሁላችንም ከአፈር፣ ከሕዋና ከምንመገበው ምግብ ጨረራ እንደምንቀበል እርግጥ ነው፤ የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው የጨረራ መጠን መለኪያ) ያህል ሲሆን፣ በአንድ አማካይ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥም 4,000 ቤኬሬል (በሴኮንድ የሚፈርሱ አቶሞች ቁጥር) ያህል ፖታሲየም-40 የተባለ በተፈጥሮ ጨረራ የሚያወጣ ቁስ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ለሞለኪዩላር ባዮሎጂ ሥራ የሚገዛ፣ በሁለት ጣት የሚያዝ የራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ-32 ብልቃጥ 37 ሚሊዮን ቤኬሬል ሊይዝ ይችላል፤ ይህም በገላችን ካለው የፖታሲየም መጠን በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ከመሆኑም በላይ፣ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሳይሆን በጥቂት ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ከጣት ጫፍ አጠገብ የሚቀመጥ ነው። ከዚህ ቁስ የሚወጣው ቤታ የተባለው ጨረራ አየር ላይ እስከ ስድስት ሜትር ይጓዛል፤ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳውም እርሱ ነው። ጥንቃቄ ያደረገ መስሎት በእርሳስ ብቻ የሚከልለው ሰው ደግሞ ቤታው እርሳሱን ሲመታ ኤክስሬይ ያመነጫል፤ ስለዚህ ከፊት መቅደም ያለበት መከለያ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የያዘው ነገር «ትንሽ» መሆኑ ብቻውን አያድነውም።

ርቀትም ሌላው ነገር ነው። ከአንዲት አነስተኛ አመንጪ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚቀበለውን መጠን፣ በአሥር ሳንቲሜትር ርቀት የያዛት ሰው መቶ እጥፍ አድርጎ ይቀበለዋል። በብዙ የፊዚክስና የጂኦሎጂ ክፍሎች የሚፈለገው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ (የማዕድንን ውስጣዊ አወቃቀር በኤክስሬይ የሚመረምር) ሲጠፋ አንዳች ጨረራ አይወጣውም፤ ሥራ ላይ እያለ ግን መከላከያው ተከፍቶ ጣት ከቀጭኑ ጨረር ፊት ቢገባ፣ ቁስል የሚያስከትል መጠን በሴኮንዶች ውስጥ ሊደርስ ይችላል። የዓመት አማካይ ለእንዲህ ያለው ጣት ምንም አይነግረንም።

ሁለተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። አደጋ ስላልተሰማ ስጋቱ የወረቀት ነው የሚሉት ጸሐፊ፣ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ቢያስታውሱ ኖሮ እንዲህ ባልደመደሙ ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 ለኬሚስትሪ ምርምር የገዛው በኮባልት-60 የሚሠራ የጋማ መሣሪያ ነበረው። ከ1985 ጀምሮ ማንም አልተጠቀመበትም። በፌብሩዋሪ 2010 ከሌሎች አሮጌ ዕቃዎች ጋር በጨረታ ተሸጠና ማያፑሪ በሚባለው ሰፈር ላሉ የብረታ ብረት ነጋዴዎች ደረሰ፤ ሠራተኞቹም የእርሳስ መከለያውን ፈልቅቀው ኮባልቱን በመሣሪያ ቆራረጡት። አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎች በርካታ ሰዎች በጠና ታመው ሆስፒታል ተኙ። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ (ጥንካሬው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 5.27 ዓመት ስለሆነ፣ መሣሪያው በቆመባቸው 25 ዓመታት ውስጥ ጥንካሬው ወደ ሃያ ሰባተኛ እጅ ገደማ ወርዶ ነበር፤ የቀረችው ያች ክፍልፋይ ናት ሰው የገደለችው። በእነዚያ 25 ዓመታት አንድ ሰው ተነስቶ «እስካሁን ምን ተሰማ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱ «ምንም» ይሆን ነበር። በብራዚል ጎያኒያ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1987 የተደረገው ተመሳሳይ ነው፤ ሕክምና ተቋሙ ሲዛወር ትቶት የሄደው የሲዚየም-137 መሣሪያ በቁርጥራጭ ብረት ፈላጊዎች እጅ ወድቆ አራት ሰዎች ሞቱ፣ ከ112,000 በላይ ሰዎችም ለምርመራ ተሰለፉ።

አሁን ወደ እኛው ከተማ እንምጣ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ፣ በኋላ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በአገራችን አንድ ተቋም በአንድ ተመራማሪ የሥራ ዘመን ውስጥ ስሙም ማኅተሙም ተጠሪነቱም ደጋግሞ እንደሚለወጥ ለማሳየት ነው። በግብርና ምርምር የአፈር እርጥበት ለመለካት የሚያገለግለውን የኒውትሮን መለኪያ ለምሳሌ እንውሰድ። በውስጡ ያለው ራዲዮአክቲቭ ቁስ፣ አሜሪሲየም-241፣ ግማሽ ዕድሜው 432 ዓመት ነው። መሣሪያውን ያስመጣው ፕሮጀክት ሦስት ወይም አምስት ዓመት ኖሮ ይዘጋል፤ የሠራበት ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ መምህሩ ለትምህርት ውጭ ይወጣል ወይም ጡረታ ይገባል፤ የመዝገብ ቤቱ ፋይል በቀድሞው ስም ታስሮ ይቀመጣል። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የቆረጠው የንብረት ክፍል ሠራተኛ የጻፈው «የአፈር መለኪያ መሣሪያ፣ አንድ» ብቻ ከሆነ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የአሮጌ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ የሚያየው ያንኑ መስመር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየሰፈሩ የሚዞረው ቁራሌው በኪሎ ይገዛል፤ የተጠራቀመው ብረት በመኪና ተጭኖ በሻሸመኔ አድርጎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካዎች ይሄዳል። ከባድ የእርሳስ ዕቃ ለዚህ ሰው ጥሩ ገበያ ነው፤ ለምን እንደከበደ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። ጸሐፊው ስለ ተመራማሪው ደህንነት ብቻ ሲያስቡ ይህ ሰው ከስሌታቸው ወጥቷል። የዴልሂን ዋጋ የከፈሉት ግን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቤተ ሙከራ፣ ጽሑፉ የለቀቀ ከባድ ሣጥን በመደርደሪያ ሥር ተቀምጦ አይቻለሁ፤ የጠየቅኋቸው ሁሉ «እኛ ስንመጣም እዚሁ ነበር» አሉኝ። ተለክቶ ባዶ መሆኑ ታወቀ። እኔን ያሳሰበኝ ሣጥኑ ሳይሆን መልሱ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ደህንነት የኃላፊው ሥራ ነው የሚለው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣቸው መሠረታዊ የደህንነት መርሆዎች ውስጥ የመጀመሪያው፣ ተቀዳሚው ኃላፊነት ሥራውን በሚያካሂደው ድርጅት ወይም ሰው ላይ እንደሚያርፍ ይደነግጋል። የጨረራ ደህንነት ኃላፊው ይመክራል፣ ይለካል፣ ይከታተላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ የሚጣደፈው ተማሪ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን አጠገቡ አይገኝም። በዚያ ሰዓት ያለው ተማሪው፣ ምናልባት አንድ ቴክኒሻን፣ እንዲሁም አማካሪው ቀን ላይ በተግባር ያሳየው ልማድ ነው።

የልምድ ብዛትም ዋስትና አይሆንም። ሉዊስ ስሎቲን በአሜሪካው የሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ በሥራው የተመሰገነ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በሜይ 21 ቀን 1946 በአቶሚክ ቦምብ የፕሉቶኒየም እምብርት ዙሪያ ያሉትን ሁለት የቤሪሊየም ክፋዮች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ብቻ ለያይቶ ይዞ ለባልደረቦቹ ሲያሳይ መፍቻው አዳለጠው፤ ክፋዮቹ ሲገጥሙም ኃይለኛ ጨረራ ፈነጠቀ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላም ሞተ። በዚያው እምብርት ከዘጠኝ ወር በፊት ሃሪ ዳግሊያን ሌሊት ብቻውን ሲሠራ ተጎድቶ መሞቱን በክፍሉ የነበሩት ያውቁ ነበር። ከስሎቲን ሌላ ሰባት ሰዎች እዚያው ቆመው ነበር፤ ሥራው ግን ቀጠለ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ተማሪ አማካሪውን፣ ቴክኒሻን ፕሮፌሰሩን «ይቁምልኝ» ማለት እንደ ድፍረት፣ አንዳንዴም እንደ ብልግና ይታያል። ታላቅን ማክበር ያሳደገን ሥርዓት ስለሆነ እንዲጠፋ የምመኘው አይደለም። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ታናሹ በራሱ ሥልጣን ሊወስደው የማይችለውን ፈቃድ ታላቁ አስቀድሞ መስጠት ይችላል፤ ቃሉ የሚከበርለት ሰው እርሱ ነውና። አማካሪው በመጀመሪያው ቀን «ያልገባህን ነገር ካየህ አቁመኝ» ቢል፣ ተማሪውም አንድ ቀን ፈርቶ ሲያስቆመው፣ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በሰው ፊት ቢያመሰግነው፣ ያ ቤተ ሙከራ ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው። የኤክስሬይ መሣሪያው የበር መቆለፊያ በሽቦ ታስሮ ያየች የማስተርስ ተማሪ ለማን እንደምትናገር ካላወቀች፣ ወይም ብትናገር ውጤቷ ላይ ይመጣብኛል ብላ ከፈራች፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደንብ ለእርሷ የለም። ጸሐፊው ለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር አልሰጡትም፤ በእኔ ግምት የጽሑፋቸው ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

ስለ ፈቃድና ስለ ዶዚሜትር በሚለው አራተኛ ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። በአገራችን የጨረራ ቁጥጥር በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ተቋቁሞ፣ ኋላም የጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ወጥቷል፤ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ መሆኑም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚናገረው በተሰጠበት ዕለት ስለነበረው ሁኔታ ነው። ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ዶዚሜትርም ያለፈውን ይመዘግባል እንጂ የሚመጣውን አይከለክልም፤ ደካማ ጨረራ የሚያወጣውን ትሪቲየም (ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን) ከቶ አያሳየውም፣ በአፍ ወይም በትንፋሽ ወደ ውስጥ የገባውን አይቆጥርም፣ ጣት የተቀበለውንም ደረት ላይ ሆኖ አያይም። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የከረመ ዶዚሜትር ደግሞ ሲነበብ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ለሠራተኛ የተቀመጠው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ከዚያ በታች መሆን ግን የሥራው ማብቂያ አይደለም፤ ያለ ምክንያት የሚወሰድ ማንኛውም መጠን እንዲቀንስ መጣር ከወሰኑ እኩል የሙያው ግዴታ ነው።

አምስተኛው ነጥብ፣ የደህንነት ባህል የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለው፣ ሁለት ስህተት አለበት። አንደኛው፣ ሀብት ባህሉን ይዞ ይመጣል ብሎ ማሰቡ ነው። በሜይ 2019 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሲያትል የምርምር ሕንፃ፣ ሲዚየም-137 የያዘ መሣሪያ ለማስወገድ የተቀጠሩ ሠራተኞች ምንጩን የያዘውን መያዣ በስህተት ቆርጠው 13 ሰዎች ተበከሉ፤ ባለ ሰባት ፎቁ ሕንፃም ለዓመታት ተዘጋ። በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ በሜሪላንድ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምርምር ሪአክተር፣ ከነዳጅ ዘንጎቹ አንዱ በሚገባ ሳይቆለፍ ሥራ በመጀመሩ ዘንጉ ተጎዳ። ምርመራው ካገኛቸው ምክንያቶች መካከል የኦፕሬተሮች ሥልጠና መዳከም፣ የተጻፈው የአሠራር ሥርዓት መጓደልና የደህንነት ባህሉ መላላት ይገኙበታል። ገንዘብ አልቸገራቸውም፤ የጎደለው ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ቀጣዩ በትክክል መተላለፍ የነበረበት እውቀት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የዋጋ ግምቱ ነው። መለኪያ መሣሪያ የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ካሊብሬሽኑም (ልኬቱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጡም) እንዲሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ነገር ግን በብር የሚገዛ አይደለም። እያንዳንዱ አመንጪ የሚጻፍበት፣ በየዓመቱ ሁለት ሰዎች ዓይተውት የሚፈርሙበት አንድ መዝገብ፤ ሞዴል 19 ላይ «ራዲዮአክቲቭ» የሚል ቃል በቀይ መጻፍ፤ የማስወገድ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የጨረራ ደህንነት ኃላፊው ፊርማ እንዲጠየቅ ማድረግ፤ እነዚህ የወረቀትና የውሳኔ ሥራዎች ናቸው። አንድ መምህር ወይም ተማሪ ሲለቅ ክሊራንስ ይሞላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ማደሪያ ክፍሉና ንብረት ክፍሉ ይፈርማሉ። በዚያ ቅጽ ላይ «በእጁ የነበረ የጨረራ አመንጪ ተረክቧል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምን ያስወጣል? መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው። በየጊዜው እንደሚሄድ የምናውቅ ሰዎች፣ አየር መሳቢያው ሲቆም በእጃችን ያለውን ተኖ የሚሄድ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን እንዴት ከድነን ከክፍሉ እንደምንወጣ አስቀድመን መጻፍና መለማመድ አለብን። ይህን ከሀብታም አገር መመሪያ ገልብጠን አናገኘውም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ወሬው ተማሪዎችን ያስፈራል የሚለው፣ በከፊል እውነት ነው። የማይብራራ ማስጠንቀቂያ ያስፈራል። በአገራችን የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመከላከል ወንዶቹን ዝንቦች በጋማ ጨረራ አምክኖ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የመልቀቅ ሥራ ተካሂዷል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለዓመታት በኮባልት-60 የካንሰር ሕክምና ተሰጥቷል። እነዚህን ተማሪው ማወቅ አለበት፤ እኔም በክፍል አስተምራቸዋለሁ። ግን ከጥቅሙ ጋር ጥንቃቄውን ያልሰማ ተማሪ የኋላ ኋላ ጉዳቱን ከሌላ ቦታ፣ ያውም አጋኖ ከሚያወራ ሰው ሲሰማ፣ ያን ጊዜ ነው ሙያውን የሚጠራጠረው።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ግን ከጸሐፊው ጋር በብርቱ እለያያለሁ። ዓለም አቀፉ መርህ አንዲት ሠራተኛ መፀነሷን ካሳወቀች በኋላ ፅንሱ በቀሪው የእርግዝና ጊዜ ከ1 ሚሊሲቨርት ገደማ የበለጠ ተጨማሪ ጨረራ እንዳይደርሰው ሥራዋ መስተካከል አለበት ይላል። መርሁ የሚሠራው እርሷ ስትናገር ነው። በእኛ ባህል ደግሞ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሰው አይወራም፤ ያላገባች ተማሪ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ዝም ማለት ሴቶችን ከፍርሃት ያድናል የሚለው ክርክር፣ እውቀት በጣም የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በወሳኙ ሰዓት ብቻቸውን የሚተው ነው። ለሁሉም ተማሪዎች፣ ለወንዶቹም፣ በመጀመሪያው ሳምንት መርሁ ቢነገር፣ ምስጢር ጠብቃ የምትቀበል አንዲት ሴት ባለሙያ ብትመደብ፣ ሥራ መቀየር ከውጤትም ከደረጃም እንደማያጎድል በጽሑፍ ቢረጋገጥ፣ ሴቶቹ በሙያው ይቆያሉ ብዬ አምናለሁ።

ጸሐፊው ካነሱት ሁሉ ሙሉ በሙሉ የምቀበለው አንድ ቅሬታ አለ፤ ሥልጠናዎቻችን በእንግሊዝኛ ስላይድ ለመምህራን ብቻ የሚሰጡ፣ ምስክር ወረቀት ታድሎ የሚረሱ ናቸው ብለዋል። ልክ ናቸው። ቤተ ሙከራውን በየማለዳው የሚጠርጉት፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዙትና በር ላይ የሚቆሙት ሰዎች ያን አዳራሽ አያዩትም። ባለ ሦስት ቅጠሉ የጨረራ ምልክት ለብዙ ሰው ትርጉም እንደማይሰጥ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ራሱ ስላመነ፣ በ11 አገሮች 1,650 ሰዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2007 የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበትን ተጨማሪ ቀይ ምልክት አውጥቷል። እኛ ደግሞ በምልክቱ ሥር በአማርኛና በሲዳሙ አፎ «አትክፈት፣ አትንካ፣ ለኃላፊው ንገር» የሚል ጽሑፍ ከነስልክ ቁጥሩ መለጠፍ እንችላለን። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሥልጠና ለጽዳት ሠራተኞች፣ ለጥበቃዎችና ለንብረት ክፍል ባልደረቦች በመጪው ሴሚስተር መጀመሪያ አብረን ብንሰጠው ደስ ይለኛል፤ የአማርኛውን ጽሑፍ አዘጋጅቼ አስቀድሜ እልክላቸዋለሁ።